የማርሚታ ውሃ፦ ከደሴ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 9

መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት። የ1990ዎቹ መጨረሻ ሥሪት፣ ባለ 1.3 የቤንዚን ሞተር፣ ኢንጀክሽን። ክረምቱን ምንም አላለችም። የጦሳ ተራራ ብርድ ሌሊት ሌሊት መውረድ ሲጀምር ግን ጠዋት ጠዋት ከጭስ ማውጫዋ ውሃ ታንጠባጥባለች። መንጠባጠቡ ብቻ ቢሆን ባላስጨነቀኝ። መታጠፊያ ላይ ከሻንጣው ሥር፣ ማርሚታው (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ሣጥን) ካለበት፣ ጩልቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ስትነሳ ደግሞ ቡልቅ ቡልቅ ትላለች። በሩ አጠገብ ያለውን የአጥር ግድግዳም በጥቁር ነጠብጣብ አዥጎርጉራዋለች። ግድግዳው ለመስቀል ነበር ኖራ የተቀባው። በዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ የተባለውን እዚህ አልጽፈውም።

ከመገመት መለካት ይሻላል ብዬ ዛሬ ግማሹን የተቆረጠ ሃይላንድ ከጭስ ማውጫው አፍ ሥር አስቀመጥኩ። ሞተሩ ሌሊቱን ያደረ፣ ቀዝቃዛ ነው። አስነስቼ አሥር ደቂቃ ያህል በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ፣ አቆየኋት። አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ውሃ ወጣ። ላዩ ላይ ጥቁር ዱቄት ተንሳፍፏል። በጣቴ አሸት አሸት አደረግኩት፤ ቅባት የለውም። ጥላሸት ነው። ዘይት ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር።

አስተያየት እንደሆነ ሞልቷል። ጎረቤቴ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ገና ሳያያት፣ “ጓርኒሲዮን በልታለች፤ ቴስታታው ይፈታ” አለ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፤ እሱ ሲበላ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ሌላው፣ “ቤንዚኑ ውሃ ተቀላቅሎበት ነው” አለኝ። የክረምት ዝናብ ገብቶ የቀረ ነው ያለም አለ። ሁሉንም አመስግኜ ሸኘሁ።

ኅዳር 10

ዛሬ መፍቻ አልነካሁም። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ፈለግኩ። ይሄ ካልገባን ቴስታታ ማስፈታታችን ነው።

ቤንዚን ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው። ሲነድ ካርቦኑ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀየራል። ሃይድሮጅኑ ደግሞ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል። ትንሽ ውሃ እንዳይመስላችሁ። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሲቃጠል ከ1.2 እስከ 1.4 ኪሎ ገደማ ውሃ ይወጣዋል። ክብደቱ ከቤንዚኑ የሚበልጠው ኦክስጅኑ ከአየር ስለሚጨመርበት ነው። በሊትር ስናስበው፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ያቃጠለ ሰው አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በጭስ ማውጫው ይሸኛል። 40 ሊትር ቀድታችሁ ከማደያ ስትወጡ፣ 40 ሊትር ገደማ ውሃ ልታመርቱ ነው የሄዳችሁት። ቤንዚኑ ንጹሕ ሆኖም።

ታዲያ ሁልጊዜ ለምን አናየውም? ትኩስ ሲሆን እንፋሎት ነዋ። እንፋሎት ደግሞ አይታይም፤ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ነው ጤዛ የሚሆነው። ከቤንዚን ሞተር በሚወጣ ጭስ ውስጥ ከመቶ 13 ገደማው እንፋሎት ነው። ባሕር ጠለል ላይ እንዲህ ያለው ጭስ ወደ 50 ዲግሪ ሲወርድ ጤዛ መሥራት ይጀምራል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ነጥቡ ወደ 45 ይወርዳል። ስለዚህ ከፍታው፣ ለነገሩ፣ ትንሽ ያግዘናል። ብርዱ ነው የማያግዘን። የኅዳር ሌሊት ሲበርድበት ያደረ ብረት 45 እስኪደርስ ድረስ ሲያልበው ይቆያል።

ናፍጣ የሚነዱ ሰዎች ይሄን ያህል ውሃ አያዩም። የናፍጣ ሞተር ብዙ ትርፍ አየር ስለሚስብ ጭሱ ውስጥ የእንፋሎቱ ድርሻ ያንሳል።

ጉዳቱስ? ውሃው ንጹሕ ውሃ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሟሟበታል። ከናይትሮጅንና ከቤንዚኑ ውስጥ ካለው ሰልፈር የሚመጡ ጋዞችም ይገቡበታል። ደካማ አሲድ ይሆናል ማለት ነው። ይሄ አሲድ ማርሚታው ሆድ ውስጥ ሲያድር ላሜራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከውጭ ስታዩት ደህና ነው። አንድ ቀን በጠጠር ስትነካው ይበሳል። የኋለኛው ማርሚታ ከሁሉ ቀድሞ የሚሞተውም ለዚህ ነው፤ ከሞተሩ ስለሚርቅ መጨረሻ የሚሞቀው እሱ ነው።

ኅዳር 12

የጎረቤቴን ጓርኒሲዮን ላጣራለት ተነሳሁ።

በመጀመሪያ ሽታ። ብዙ ቦታ ምክሩ “ጭሱ ጣፋጭ ጣፋጭ ከሸተተ የራዲያተር ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እየነደደ ነው” የሚል ነው። እኛ ጋ ይሄ አይሠራም። አብዛኛው ሰው ራዲያተሩን የሚሞላው በቧንቧ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ሲተን አይሸትም። የኔዋም የቧንቧ ውሃ ነበር ያላት። ስለዚህ ዓይን እንጂ አፍንጫ አይጠቅምም።

ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። (ሲሞቅ የምትከፍቱ ካላችሁ ፊታችሁን አስቡ።) ውሃው እስከ አፉ አለ። መጠባበቂያው ፕላስቲክ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ። ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን አስነስቼ ውሃውን አየሁት። አረፋ የለም። ሲሊንደሩ ወደ ውሃ መንገዱ ቢተነፍስ ኖሮ ሳያቋርጥ ቡልቡል ይል ነበር። የዘይት መለኪያውን ሳወጣ ዘይቱ ንጹሕ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጎረቤቴን አስደሰተው። የዘይት መሙያው ክዳን ከውስጥ ቢጫ ቅባት ተቀብቷል። “ይኸው! ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል!” አለ። የተቀላቀለስ ተቀላቅሏል። ግን ከራዲያተር የመጣ ቢሆን ኖሮ መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ቡና በወተት ይሆን ነበር፣ ራዲያተሩም ይጎድል ነበር። ክዳን ላይ ብቻ ከሆነ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውስጡ የተጠራቀመ ጤዛ ነው። ማርሚታው ላይ ያለው ችግር ራሱ፣ በሌላ በኩል። ሞተሯ እየሞቀ አይደለም ማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ።

ለቀለም ለሚጠይቁ፦ ነጭ ሆኖ ወዲያው የሚጠፋ እንፋሎት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት፣ ጥቁር ከሆነ የበዛ ቤንዚን። ነጭ ሆኖ መኪናው ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ከሆነ ያኔ ስለ ጓርኒሲዮን እናወራለን።

ኅዳር 17

የራዲያተሩ ውሃ ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም። ጓርኒሲዮኑ ነጻ ወጣ።

ዛሬ ኮምቦልቻ ጉዳይ ነበረኝ። ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት፣ ስወርድ ዓይኔን ከሙቀት ጌጁ ላይ አልነቀልኩም። ደሴ ስነሳ መርፌው ከመሃል በታች ነበር። ቁልቁለቱን በማርሽ እየያዝኩ ስወርድ ወርዶ ወርዶ ከታችኛው መስመር ጋር ሊገናኝ ደረሰ። ኢንጀክሽን ሞተር ነዳጅ ሳትሰጠው በማርሽ ሲወርድ ቤንዚን መርጨት ያቆማል። እሳት የለም፣ ሙቀትም የለም። ያም ሆኖ ጤነኛ ሞተር እንዲህ አይቀዘቅዝም፤ የሚይዝለት ነገር አለ። የኔዋ የሚይዝላት የለም።

ኮምቦልቻ ቆሜ ከማርሚታው ላይ ውሃ ጠብ አደረግኩ። እንጀራ ጋጋሪ ምጣዱን እንደምትሞክረው ማለት ነው። ጠብታው ዝም ብሎ ተኛ። ወደ ደሴ ስመለስ ግን ሌላ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ 25 ኪሎ ሜትር በምትሆን መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ። ላይ ደርሼ ስሞክረው ጠብታው ጭስስ ብሎ ጠፋ። (በማግስቱ የጨመርኩት፦ ጠዋት የጩልቅታው ድምፅ አልነበረም።)

ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት። የመኪናዋ ውሎ ይሄ ነው። ማርሚታው ለመሞቅ ሲቃረብ እናጠፋታለን። የተሠራው ውሃ እዚያው ይተኛል፤ ማታ ሌላ ይጨመርበታል።

ኅዳር 19

ከፒያሳ ወረድ ብሎ ወደሚገኘው ጋራዥ ሄድኩ። ባለቤቱን ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ሞተር ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

“ሐጂ፣ ይቺ መኪና አትሞቅም” አልኳቸው።

“አለመሞቋ ነው ያስከፋህ? ሰው ሞቀችብኝ ብሎ ነው የሚያለቅሰው” አሉና ሳቁ። ከዚያ የራዲያተሩን የላይኛ ጎማ (የውሃ ቱቦ) ጨብጠው፣ “አስነሳት” አሉኝ። ጥቂት ቆይተው እጄን ወስደው ጎማው ላይ አስቀመጡት። ከሞተሩ ጋር እኩል፣ ቀስ እያለ ለብ እያለ ነው። “ቴርሞስታት የላትም።”

ቴርሞስታት ካለ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ ይዘጋል። ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል። ከዚያ በሩ ሲከፈት ጎማው ባንድ ጊዜ ይግላል። የኔዋ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ውሃዋን በብርድ ታዞራለች።

የቴርሞስታቱ ቤት ሲፈታ እውነትም ባዶ ነው። ላስቲኩ ብቻ ቀርቷል። ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት ወይም መካኒኩ ነቅሎ ጥሎታል።

“ወላሂ እኔም ስንቱን ነቅያለሁ” አሉ ሐጂ። “ሐረጎ ላይ ራዲያተሯ የፈላባት መኪና እየተጎተተች ትመጣለች። ባለቤቷ ይቸኩላል። ቴርሞስታቱን ነቅለህ ትልካታለህ። በዚያ ቀን አትፈላም።”

“ከዚያስ ሐጂ?”

“ከዚያማ ቤንዚን ትበላለች። ዘይቷ ይበላሻል። ማን ይመለሳል ለዚህ?”

እኔ በበኩሌ የነቃዮቹን ችኮላ እረዳለሁ፤ ሥራቸውን ግን አልወደውም። መኪና የሚፈላው አብዛኛውን ጊዜ ራዲያተሩ በቧንቧ ውሃ ደለልና ዝገት ስለሚደፈን ነው። ቴርሞስታቱ ተነቀለ ማለት ድፍኑ ተከፈተ ማለት አይደለም። ኢንጀክሽን መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል። ኮምፒውተሯ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብላ ስለምታምን ቤንዚን ታበዛለች። ቤንዚን ሲበዛ ጥላሸት ይመጣል። ግድግዳዬ ላይ ያለው ጥቁር ከየት እንደመጣ አሁን ግልጽ ነው።

ኅዳር 20

አዲስ ቴርሞስታት ገዛሁ። ታቹ ላይ 82 የሚል ተቀርጾበታል። በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል ማለት ነው።

አዲስ ነገር ሁሉ ደህና ነው ብዬ አላምንም። ቤት ወስጄ ብረት ድስት ውስጥ ውሃ ጥጄ በክር አንጠለጠልኩት። የድስቱን ታች መንካት የለበትም፤ ታቹ ከውሃው ይበልጥ ይሞቃል። ላብራቶሪ ከሚሠራ ወዳጄ የተዋስኩትን ቴርሞሜትር አጠገቡ አደረግኩ። 70 ላይ ዝግ። 80 ላይ ዝግ። 83 አካባቢ የቫልቩ ከንፈር ቀጭን መስመር ከፈተ። ከዚያ በዝግታ እየወረደ ሄደ። 91 አልፎ 92 ሳይሞላ ውሃው ፈላ። ቴርሞሜትሩም እዚያው ቆመ።

ይሄ ነው የደሴ ነገር። የፋብሪካው መመሪያ ቴርሞስታቱ ምን ያህል እንደተከፈተ የሚያስለካው በ95 ዲግሪ ነው። ክፍት ድስት ደሴ ላይ 95 አይደርስም። ከ92 ገደማ በላይ አይወጣም፤ የቀረው እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ ሙሉ መከፈቱን በድስት ማየት አይቻልም። ሲከፈት ካያችሁ፣ ሲቀዘቅዝም ተመልሶ ከዘጋ፣ ይበቃል። መኪናው ውስጥ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከዚያ በላይ ሞቆም አይፈላም። ክዳኑ ላስቲኩ ያለቀ ከሆነ ግን ደጋ ላይ ቶሎ ይፈላባችኋል። የኔን ክዳንም አብሬ ቀየርኩ።

ኅዳር 21

ገጠምነው። ቴርሞስታቱ ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ፒን አለች፤ አየር ማስወጫ ናት። ወደ ላይ መሆን አለባት። የሐጂ ልጅ ወደ ታች ሊያደርጋት ሲል ሐጂ ከሩቅ ሆነው በምላሳቸው ጠቅ አደረጉለት። አየር ከታመቀ ጌጁ ሳያሳይ ሞተሩ ይግላል።

ራዲያተሩን በውሃ ግፊት ወደ ኋላ አጠብነው። የወጣው ቡናማ ጭቃ ነው። በቧንቧ ውሃ ፋንታ በተጣራ ውሃ የተበረዘ ኩላንት ሞላንበት። አየሩ እስኪወጣ ክዳኑን ከፍተን፣ የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ ሙሉ ላይ አድርገን አስነሳናት። ማሞቂያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚያሞቅ አየር አወጣ። እስከዛሬ ከነጭራሹ ተበላሽቷል ብዬ ትቼው ነበር።

ኅዳር 26

ማርሚታው ወረደ። የረጅሙ ቀን ይሄ ነበር።

ክሪክ ብቻውን መኪና አይይዝም። የጋራዡ ወለል ላይ ጠንካራ መደገፊያ አስገብተን፣ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አድርገን ነው የገባነው። ቡሎኖቹ ዝገው አንድ ሆነዋል። ከትናንት ጀምሮ ላምባ ስናጠጣቸው ነበር። አንዱ ተፈታ። ሌላው ራሱ ተበላና በግራይንደር ተቆረጠ። ማርሚታውን የያዙት ላስቲኮች ሳሙና ሲነካቸው በቀላሉ ወጡ።

ሲወርድ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። መሬት ላይ አስቀምጠን አፉን ወደ ታች አዘነበልነው። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ጉሉክ ብሎ ቡናማ ውሃ መጣ፤ በመሃሉ የቅጠል ስፋት ያላቸው የዝገት ቅርፊቶች ይወርዳሉ። ከድሮ ጀምሮ ተኝቶ የነበረ ውሃ ነው፤ የብረትና የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አለው። መነቅነቁን ቀጠልን። ውስጡ የተላቀቀ ነገር ይንኳኳል።

አሠራሩን ላላያችሁት፦ ማርሚታ ባዶ ቆርቆሮ አይደለም። ሆዱ በግድግዳዎች ተከፋፍሏል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ጭሱን ያዞሩታል፤ ድምፁ የሚሞተው በዚህ ነው። ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ ከሆዱ መሬት ከፍ ብሎ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ታች የተኛ ውሃ በጭሱ ግፊት እየተገፋ ትንሽ ትንሽ ይተፋል እንጂ ሙሉ በሙሉ መውጫ የለውም። መውጫው ሌላ ነው። በማርሚታው ኋላ፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ፣ ፋብሪካው ራሱ የበሳት ሦስት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ቀዳዳ አለች።

የኔዋን ለማግኘት ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ነበረብን። በክረምት ጭቃና በዝገት ተደፍና ጠፍታለች። ቀጭን ሽቦ አስገብቼ ሳዞር ከውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ተከትሎኝ ወጣ። ሽቦውን ስስብ ቀዳዳዋ ፊሽ ብላ አየር አሳለፈች።

ከዚያ የካቻቢቴውን እጀታ ይዤ ሆዱን እየደጋገምኩ መታሁ። ደህናው ብረት ይጮኻል። የተበላው ዱብ ይላል። ከታች በስፌቱ በኩል አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ዱብ አለ። ጫን ስለው ገባ።

በያጁ ወጣት ነው፤ እጁ ጎበዝ ነው። ከላይ ልለጥፍበት አለ። እምቢ አልኩት። የተበላ ላሜራ ላይ የተበየደ ልጣፊ ወዲያው በጎኑ ይበሳል፤ ኤሌክትሮዱም ስስ ብረት ያቃጥላል። ደህናው ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ አዲስ ላሜራ በልኩ ተቆርጦ ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ እየቀዘቀዘ ተበየደ። ሊጨርስ ሲል ትንሿን ቀዳዳ አያት።

“ይቺንስ ልድፈናት?”

“እንዴ! እሷን እንዳትነካ!”

“ቀዳዳ አይደለች እንዴ?”

ሐጂ ከወዲያ ሆነው፣ “አብሽር፣ እሷ የሽንት ቤቷ ናት” አሉ። ጋራዡ ሁሉ ሳቀ። በያጁም ተዋት።

ይሄን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ስንት ማርሚታ ሲበየድ ቀዳዳዋ አብራ ትደፈናለች። ከዚያ አዲስ የተበየደው ቦታ በዓመቱ ይበላል፤ ጥፋቱ የብየዳው ይባላል። ቀዳዳ የለውም ብላችሁ በድሪል ልትበሱ ያሰባችሁም መጀመሪያ በብሩሽ ፈልጉ። አብዛኛው ጊዜ አለች። እውነት ከሌለች ደግሞ በሦስት ሚሊ ሜትር፣ ከኋላው ማርሚታ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ብቻ። ከወንበሩ ሥር ባለው ቧንቧ ላይ ማንም ቀዳዳ እንዳይበሳ። ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ሰው ይገድላል።

ታኅሣሥ 3

የአቋቋም ጉዳይ። ደሴ ሜዳ ግቢ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። የኛ ግቢ ከበሩ ወደ ቤቱ ይወርዳል። መኪናዋን በአፍንጫዋ እናስገባታለን፤ አፍንጫዋ ታች፣ ጭስ ማውጫዋ ላይ ሆኖ ታድራለች። ቀዳዳዋ ደግሞ ኋላ ናት። ማርሚታው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀዳዳዋ ሸሽቶ ወደ ፊት ይተኛል። ቀዳዳ ብትከፈትም አልጠቀመችም ማለት ነው።

በኋላ ማርሽ ማስገባት ጀመርኩ። አፍንጫዋ ወደ በሩ፣ ወደ ላይ። በማርሽ ትያዛለች፣ የእጅ ፍሬን፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ። ጠዋት ሳያት ከቀዳዳዋ ሥር መሬቱ ላይ የውሃ ክብ አለ። ውሃው ሌሊቱን ራሱ ወጥቷል።

አንድ ጣጣ ግን መጣ። አሁን ጭስ ማውጫዋ ወደ ኩሽናው መስኮት ዞሯል። እናቴ፣ “ይቺን መኪና ልታጨሱኝ ነው ወይ ያመጣችኋት?” አሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ አስነስቶ ማቆየት ቀረ። ቁልፍ፣ የአንድ ደቂቃ ፋታ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መውጣት። እንዲያውም ለማርሚታው የሚሻለው ይሄ ነው። በሚኒሞ የቆመ ሞተር ውሃ ያመርታል እንጂ ማርሚታውን የሚያደርቅ ሙቀት አይሰጥም። ለግማሽ ሰዓት በሚኒሞ “ማሞቅ” የሚባለውን ልማድ እኔ አልወደውም። በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

ታኅሣሥ 11

ሐይቅ ከተማ ደርሰን መጣን፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። መርፌው መሃል ላይ ወጥቶ እዚያው ቆመ። ስመለስ ማርሚታው ላይ ጠብታውን ሞከርኩ፤ ወዲያው ጠፋ። የብየዳው ስፌት ደረቅ ነው።

ታኅሣሥ 19

ሐረጎን ወረድኩ። መርፌው ትንሽ ዝቅ ብሎ ያዘ። ቴርሞስታቱ በሩን ዘግቶ ይጠብቃል።

የዘይት ክዳኑን ከፈትኩት። ቢጫው ቅባት የለም። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀየርኩ፤ ብዙ ውሃ የጠጣ ዘይት ላይ መቆጠብ አይገባም።

ጥር 3

ሌሊቱ ውርጭ ነበር፤ የመኪናዋ መስታወት ላይ በረዶው ተጋግሯል። በዚህ ብርድ ካልለካሁ መቼ እለካለሁ ብዬ ሃይላንዷን እንደ መጀመሪያው ቀን አስቀመጥኩ። ያው አሥር ደቂቃ፣ ያው ሚኒሞ። ውሃ አለ። ከሲኒው ግማሽ በታች ነው፤ ጥላሸቱ ጥቂት ነው። ይሄ አይቀርም፣ እንዲቀርም አልጠብቅም። ቤንዚን እስከነደደ ድረስ ውሃ ይወጣል። ልዩነቱ ትምህርት ቤት ደርሼ ስቆም መንጠባጠቡ አብቅቷል። ጩልቅታውም ጠፍቷል።

ጎረቤቴ የራሱን ሚኒባስ ይዞ መጣ። “የኔም ያንጠባጥባል፤ ና እስኪ ብሳልኝ” አለ። ሽቦ ሰጠሁት። ሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ጥቁር ሆኗል፤ ቀዳዳዋን ግን አግኝቷታል። ስለ ጓርኒሲዮን አላነሳንም።

የቀረ ሥራ፦ መሃል ያለችው ትንሿ ማርሚታ ገና አልተነካችም። በካቻቢቴ ስመታት ትጮኻለች፤ ደህና ናት። ከፊት ለፊቷ ባለው ፍላንጅ (የቧንቧ መጋጠሚያ) ላይ ግን ቀጭን የጥላሸት መስመር አየሁ፤ ቀለበቱ ትንሽ ያስተነፍሳል። ይሄ ከወንበር ሥር ስለሆነ አላቆየውም። ሐጂ ቀለበቱን ከኮምቦልቻ አስመጣለሁ ብለዋል። ነገ ከመጣ ነገ ይገባል፤ እስከዚያ ልጆቹን በባጃጅ ነው የማደርሳቸው።